ሲላኦስ፣ ከገደሉ ሥር

የእናቴ ወንድም ደብረ ሲና ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ተራራ አይደንቃቸውም። ከምኖርበት ከፓሪስ ተነሥቼ ሬዩኒዮን የምትባል ደሴት ላይ፣ ሲላኦስ በምትባል የተራራ ከተማ ጥቂት መሰንበቴን ሲሰሙ ሳቁ። ቡናው እስኪበርድ የተጨዋወትነው ይህ ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፦ ተራራ ፍለጋ ባሕር ተሻገርሽ? ጣርማ በር ላይ ቆመሽ ቁልቁል አፋርን ያየሽ ልጅ!

እኔ፦ ጋሼ፣ እንዲህ እንደሚሉኝ ዐውቄ ነው ፎቶ ይዤ የመጣሁት።

ጋሼ፦ ፎቶው ይቆይ። መጀመሪያ ቦታውን ንገሪኝ። እኛ ስናስተምር ከሞሪሸስ ጎን አንዲት ነጥብ አድርገን ነበር የምናልፋት።

እኔ፦ ነጥብ ብትሆንም ቀላል ነጥብ አይደለችም። ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሕንድ ውቅያኖስ መሀል ናት። ስፋቷ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1946 ጀምሮ እንደ ማንኛውም የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ትተዳደራለች፤ ገንዘቡ ዩሮ፣ የፖስታ ሳጥኑ ቢጫ። ሰዉ እርስ በርሱ የሚያወራው ግን በክሪዮል ነው። ደሴቲቱ እንዳለች ከባሕሩ ወለል ተነሥታ የወጣች እሳተ ገሞራ ናት።

ጋሼ፦ አሁንም ይነዳል?

እኔ፦ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለው፣ ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ፣ በዓለም ላይ ደጋግመው ከሚፈነዱት አንዱ ነው። በ2007 የአናቱ ጉድጓድ ወለል ወደ 300 ሜትር ቁልቁል ሰምጧል። ሲላኦስ ያለችው ግን በሌላኛው፣ በአሮጌው ተራራ ላይ ነው። ፒቶን ደ ኔዥ ይሉታል። ከፍታው 3,070 ሜትር ነው፤ እሳት ከተፋ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጋሼ፦ ራስ ዳሸን 4,500 ያልፋል።

እኔ፦ ራስ ዳሸን ከባሕር ዳር በ25 ኪሎ ሜትር ላይ አይቆምም፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ እሺ፣ ይሁን። ከተማዋ ታዲያ የእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ናት?

እኔ፦ ብዙ ጎብኚ እንደዚያ ይመስለዋል። አፉ አይደለም። ተራራው ከሞተ በኋላ ዝናቡና ናዳው በሦስት ጎኑ ቦርቡረው ሦስት ግዙፍ ጎድጓዶች አወጡለት። ማፋት፣ ሳላዚ እና ሲላኦስ ይባላሉ። ዙሪያቸው ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ከሥር እስከ ጫፍ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥበት ቦታ አለ። ሲላኦስ በአንደኛው ውስጥ በ1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ተዘርግታለች። አደባባይዋ ላይ ቆመው በአራቱም ማዕዘን ቢዞሩ የሚያዩት ግድግዳ ነው። ፀሐይ አርፍዳ ትገባለች፤ ረፋዱ ላይ ደመናው ከቆላ መውጣት ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው የለም።

ጋሼ፦ ዩኔስኮም መዝግቦታል መሰለኝ።

እኔ፦ በ2010። ጎድጓዶቹንና ገደሎቹን አንድ ላይ።

ጋሼ፦ ወደ መንገዱ እንሂድ። እንዲህ ያለ ቦታ ከሆነ ጨዋታው ያለው መንገዱ ላይ ነው።

እኔ፦ ሴን ሉዊ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተነሥተው 37 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ 37 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ400 በላይ ጥምዝ አለ ይላሉ። ቆጥሬ አልጨረስኩም፤ ሆዴ አልፈቀደልኝም። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ዞሮ በራሱ ላይ በድልድይ ይሻገራል።

ጋሼ፦ ሊማሊሞን የሠሩ ሰዎች ወንድሞች ሠርተውት ነው የሚሆነው።

እኔ፦ ፈረንሳዮች ናቸው፤ በ1932 ተከፈተ። ከሊማሊሞ የሚለየው ዋሻዎቹ ናቸው። ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቁ፣ በቋጥኝ የተፈለፈሉ ዋሻዎች አሉ። የአውቶቡሱ ሾፌር ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ጥሩምባውን ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ ከወዲያ ማዶ መልስ ካልመጣ ይገባል። በመስኮቱና በድንጋዩ መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። ጣራው ላይ የቀድሞ አውቶቡሶች የፋቁት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡ ባልቴት ሰላጣቸውን በጭናቸው ይዘው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

ጋሼ፦ ከመንገዱ በፊትስ በምን ይወጡ ነበር?

እኔ፦ በሰው ጫንቃ። ይህን ሲነግሩኝ ነው ከተማዋን ማወቅ የፈለግሁት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ የዱር ፍየል አዳኝ ፍል ውሃ አገኘ። ከዚያ ባሕር ዳር ያሉ ሀብታሞች ወባና ሪህ ሲይዛቸው ለጠበል… ለሕክምና ልበል…

ጋሼ፦ ጠበል ነው። ሐኪም ቢያዘውም ጠበል ነው።

እኔ፦ እንግዲህ ለፍል ውሃው ሲሉ ወንበር ላይ ይቀመጡና ተሸካሚዎች ወንበሩን በዘንግ ተሸክመው በገደሉ ጠርዝ ያወጧቸው ነበር። አሁን መንገዱ የተለጠፈበትን ገደል ወደ ታች ሲያዩ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው ወይስ የተሸከመው ይበልጥ ደፋር የነበረው የሚለው ግራ ይገባል። የድሮውን መታጠቢያ የ1948ቱ ዐውሎ ነፋስ ጠራርጎ ወሰደው። አሁን ያለው አዲስ ሕንፃ ነው።

ጋሼ፦ ፍል ውሃው የሀብታም ነው። ነዋሪውስ እዚያ ምን አወጣው? ሰው ያለ ምክንያት ገደል ውስጥ አይሰፍርም።

እኔ፦ ሸሽቶ ነው። ደሴቲቱ ፈረንሳዮች ከመግባታቸው በፊት ሰው የሚኖርባት አልነበረችም። ቡናና ሸንኮራ ለማልማት ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ ዳርቻ ባሪያ አመጡ። ከባሪያዎቹ ያመለጡት የሚሸሹት ወደ ላይ፣ ወደ ገደሎቹ ውስጥ ነበር። የሦስቱ ጎድጓዶች ስምም ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ነው። ሕጉ በ1723 ወጥቶ ነበር፤ አንድ ወር የጠፋ ጆሮው ይቆረጣል፣ ትከሻው በጋለ ብረት ይተኮሳል። ሁለተኛ ከጠፋ ቋንጃው ይቆረጣል። ሦስተኛ ከጠፋ ሞት።

ጋሼ፦ ቋንጃ መቁረጡ! እግሩ ተራራ እንዳይወጣ ነዋ።

እኔ፦ አዎን። የሸሹትን የሚያድኑ ሰዎችም ነበሩ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፍራንሷ ሙሳር የሚባል ሰው በዚህ ሥራው ስም አትርፏል። ገዳይ ለመግደሉ ማስረጃ የሟቹን እጅ ቆርጦ ያመጣ ነበር። ባርነት የቀረው ታኅሣሥ 20 ቀን 1848 ነው፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ነፃ ወጣ። ቀኑ ዛሬም የበዓል ቀን ነው።

ጋሼ፦ ከዚያ በኋላ ታዲያ ገደሉን ለቀው ወረዱ?

እኔ፦ የሚገርመው፣ ሌሎች ወጡ። ባሕር ዳር ያለው መሬት በትልልቅ የሸንኮራ እርሻ ተይዞ፣ ርስት ያጡ ድሃ ነጮች ወደ ደጋው ተሰደዱ። በመጀመሪያ ጥቁሩ ከነጩ ሸሽቶ የገባበት ገደል ውስጥ፣ ቀጥሎ ድሃው ነጭ ከባለጸጋው ነጭ ሸሽቶ ገባ። ሲላኦስ ውስጥ ዛሬ አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲበላ ሁሉንም ዐይነት መልክ ያያሉ። እኔን ራሴን ሁለት ሰዎች በክሪዮል አናገሩኝ፤ የአገሩ ልጅ መስያቸው ነው።

ጋሼ፦ ምን አሉሽ?

እኔ፦ አንደኛዋ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብስሽን አስገቢ አለችኝ። የሰቀልኩት ልብስ ግን አልነበረኝም።

ጋሼ፦ ምን ይበላሉ?

እኔ፦ እዚህ ላይ ነው የእርስዎ አገር ሰው የሚገባው። ምስር።

ጋሼ፦ አትቀልጂ።

እኔ፦ እውነቴን ነው። የሲላኦስ ምስር በደሴቲቱ ሁሉ የታወቀ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ቀለሙ ቡናማ ነው። ኢሌ አ ኮርድ የምትባል መንደር አለች፤ ከሲላኦስ ማዶ፣ በሁለት ገደል መካከል እንደ መደርደሪያ የተንጠለጠለች ሜዳ ናት። እርሻዎቹ ከቤት ጓሮ እምብዛም አይበልጡም። ክረምቱ ሲያበቃ፣ በሚያዝያና በግንቦት ይዘሩታል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ሳይመጣ በመስከረምና በጥቅምት ይሰበስቡታል።

ጋሼ፦ በማጭድ?

እኔ፦ በእጅ። ጎንበስ ብለው ከነሥሩ ይነቅሉትና ይከምሩታል፤ ሲደርቅ በዱላ ይወቁታል። አውድማ የለም፣ በሬም የለም። ከዚያ በሰፌድ ያነፍሱታል። ሰፌዱን ሲያነሱት፣ ገለባው ወደ ውጭ፣ ፍሬው ወደ ሆድ ሲመለስ፣ የሴትዮዋ የክርን አመታት የእማማ አመታት ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠጠር ይለቅማሉ። ከእኔ ጋር የነበሩት ጎብኚዎች ፎቶ ሲያነሱ እኔ ተቀምጬ ለቀምኩ።

ጋሼ፦ ጎበዝ። ሲሠሩትስ፣ በርበሬ አለው?

እኔ፦ ወጥ ውስጥ የለም። ሳይከካ ከነልጣጩ ይቀቅሉታል፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ እርድ። በጢስ የደረቀ የዐሳማ ሥጋ የሚጨምሩበትም አለ። በሩዝ ላይ ይፈስሳል። የሚያቃጥለው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይመጣል፤ ሩጋይ ይሉታል። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ዝንጅብል አብሮ ተወቅጦ። ዳጣ ነው ብለው ቢቀርቡት አይሳሳቱም። ለእኔ እንዲያውም ወጡን በሩጋዩ ለውሶ መብላት ነው የቀናኝ፤ ባለቤትየዋ አይታ "እንደሱ አይበላም" አለችኝ፣ ከዚያ ግን ራሷም ሞከረችው።

ጋሼ፦ ዋጋው?

እኔ፦ ከውጭ መጥቶ ሱቅ ከሚሸጠው ምስር በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ስለዚህም ሌላ ምስር በሲላኦስ ስም የሚሸጥ አጭበርባሪ አይጠፋም ይላሉ። የሚያውቅ ሰው የአምራቹን ስም ካላየ አይገዛም።

ጋሼ፦ መጠጥስ? ገደል ውስጥ ያለ ሰው የሚጠጣ ነገር አያጣም።

እኔ፦ ወይን አለ። በየቤቱ በረንዳ ላይ ሐረጉ ይወጣል። ኢዛቤል የሚሉት የወይን ዘር ነው፤ ፈረንሳይ በ1934 በሕግ ከከለከለቻቸው ስድስት ዘሮች አንዱ። ጠጪውን ያሳብዳል ይባል ነበር። ሲላኦስ ላይ ግን ሰዉ መጥመቁን አልተወም፤ በመንገድ ዳር በጠርሙስ ይሸጡታል። ኋላ ሌላ የወይን ዘር አምጥተው በወግ የሚጠምቁም ተነሡ። የቀመስኩት ኢዛቤል ጣፋጭ ነው፤ ጠጅ ለለመደ አፍ ይስማማል፤ አላሳበደኝም።

ጋሼ፦ ይህን እኔ ልፍረድ።

እኔ፦ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ጥልፍ። የአንድ ሐኪም ልጅ፣ አንጄል ማክ ኦሊፍ፣ በ1900 ገደማ የከተማዋን ልጃገረዶች ሰብስባ አስተማረች። የእኛ ጥልፍ በጨርቁ ላይ ክር ይጨምራል፤ የእነሱ መጀመሪያ ከጨርቁ ላይ ክር ይመዝዛል። ድርና ማጉን እየመዘዙ ቀዳዳ ያወጡና፣ በቀዳዳው ውስጥ በመርፌ አበባ ይሸምናሉ። አንዲት ሴት መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትሠራ አየሁ፤ የጥፍሬን የምታህል አበባ ነበረች፣ ከዚያ ስመለስ ገና ግማሿ ላይ ናት። ይህን የሚችሉ ሰዎች እየተመናመኑ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ተቀምጠው ስንት እንደሚሸጡ ያሰበ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ጋሼ፦ ቡናስ? ደሴቲቱ ቡና ታበቅላለች ብለሻል።

እኔ፦ ድሮ ቡርቦን ነበር ስሟ። የፈረንሳይ ኩባንያ በ1715 ከየመን ከሞካ ችግኝ አመጣላት፤ ዛሬ ብራዚል ድረስ የተሰራጨው ቡርቦን የሚባለው የቡና ዘር ከዚህች ደሴት የወጣ ነው። የየመኑ መነሻ የት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም።

ጋሼ፦ አትንገሪኝ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መንገዱን ስታወሪ ዐይንሽ ያበራል። ይህን ያህል ያማረ ነው?

እኔ፦ ለእኔ ከተማዋን ያቆየው መንገዱ ነው። ቀላል ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳሩ እንዳለ ይወጣባት ነበር። ምስሩን፣ ወይኑን፣ ጥልፉን ያተረፈው የመንገዱ ክፋት ነው።

ጋሼ፦ ይህ የመንገደኛ ወሬ ነው። አንቺ በአውቶቡስ ወጥተሽ በአውቶቡስ ወርደሻል። ምጥ የያዛት ሴት በየት በኩል ነው የምትወርደው?

እኔ፦ በዚያው መንገድ። ትልቁ ሆስፒታል ታች፣ ሴን ፒየር ነው። በጣም የባሰበትን ሄሊኮፕተር ያነሣዋል።

ጋሼ፦ ደመናው ከወረደ ሄሊኮፕተሩ ይነሣል?

እኔ፦ አይነሣም።

ጋሼ፦ ተማሪውስ?

እኔ፦ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ ልጆቹ ወደ ቆላ ወርደው በአዳሪነት ነው የሚማሩት።

ጋሼ፦ አየሽ! ዝናቡንስ ለምን ዘለልሽው? እኔ ስለዚያች ደሴት አንድ የማውቀው ነገር ቢኖር ዝናቧን ነው።

እኔ፦ አልዘለልኩትም፣ ልደርስበት ነው። በጥር 1966 ፎክ ፎክ በሚባል ቦታ፣ በእሳተ ገሞራው ደጋ ላይ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። የዓለም ክብረ ወሰን ነው፤ እስካሁን አልተሰበረም።

ጋሼ፦ አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ገደማ ነው! በአንድ ቀን አንድ ዓመት ተኩል ዝናብ ማለት ነው። ያ ዝናብ በዚያ ገደል ላይ ሲወርድ መንገዱ ምን ይሆናል?

እኔ፦ ድንጋይ ይወርድበታል፣ ይዘጋል። አንዳንዴ ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለቀናት። ዐውሎ ነፋስ በሚበዛበት ከጥር እስከ መጋቢት ሰዉ ዘይትና ሩዝ አስቀድሞ ያከማቻል። ድንጋዩን ለመያዝ በገደሉ ላይ የብረት መረብ ሰቅለዋል፤ መረቡ ሆዱ ተነፍቶ፣ የጎጆ ያህል ድንጋይ አቅፎ ያዩታል። በሥሩ ያልፋሉ።

ጋሼ፦ እና አሁንም መንገዱ ነው ያቆያት ትያለሽ?

እኔ፦ እላለሁ። ግን መንገዱ አይጠገን አላልኩም። ነዋሪው የሚጠይቀው ድንጋይ የማይወድቅበት መንገድ ነው፤ ፈጣን መንገድ አልጠየቀም። አራት መስመር ቢሠራላቸው የሚመጣው በአራት ሰዓት ወጥቶ በዘጠኝ ሰዓት የሚወርድ ጎብኚ ነው። አሁንም አለ እኮ፤ አውቶቡሱ አደባባዩ ላይ ያራግፋቸዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ ያነሣሉ፣ ምሳ በልተው ደመናው ሳይመጣ ይወርዳሉ። የምስሩ ባለቤት ሴትዮ የምትገኘው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

ጋሼ፦ ይህስ ያስኬዳል። ድንጋዩን ይያዙ፣ ጥምዙን ይተዉት። የማፋት ሰዎችስ እንዴት ይኖራሉ?

እኔ፦ እዚያ ጨርሶ የመኪና መንገድ የለም። በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ነው። ከሲላኦስ ታይቢት የሚባለውን 2,081 ሜትር በር ተሻግረው በእግር ይገባሉ። በጥቅምት ወር ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ሩጫ አለ፤ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሲላኦስ በኩል ያልፋል።

ጋሼ፦ የኛ ልጆች አይገቡበትም?

እኔ፦ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በአስፋልት እንጂ 10 ሺህ ሜትር ወደ ላይ ማን ይሮጣል፣ ጋሼ!

ጋሼ፦ ይሮጡ ነበር፣ ከተከፈላቸው። በይ፣ ሊዮን ያለችው የአክስትሽ ልጅ መሄድ ትፈልጋለች አሉ። ምን ልበላት?

እኔ፦ መጀመሪያ ወረቀቷን ትይ። ሬዩኒዮን ፈረንሳይ ብትሆንም ሼንገን ውስጥ አይደለችም፤ የሼንገን ቪዛ ብቻ የያዘ ሰው አይገባም፣ የፈረንሳይ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ይገባል። ከፓሪስ 11 ሰዓት ያህል በረራ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ትሂድ፤ ያኔ እዚያ ደረቁና ቀዝቃዛው ወቅት ነው፣ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ሲላኦስ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ትደር። ግድግዳውን ማየት ከፈለገች በማለዳ ትነሣ። ምስር ከገዛች የአምራቹ ስም ካለበት ከረጢት ትግዛ።

ጋሼ፦ ለእኔም ታምጣልኝ።

እኔ፦ ኪሎ አዝዝልዎታለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ያስጠንቅቋት፤ ከሲላኦስ በወረደችበት ቀን አውሮፕላን እንዳትይዝ። መንገዱ ከተዘጋ ሌላ መውረጃ የለም።